የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ዛሬ ተለጠፈ። ካርታ ንባብና የመስክ ዘዴ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ክፍል አሥራ አራት። መምህር፦ ይመደባል።

ይመደባል እኔ ነኝ። ቋሚዎቹ በስማቸው ይጻፋሉ፤ የትርፍ ሰዓት መምህራን ሁላችንም ይመደባል ነን። ከተመደብን በኋላም ወረቀቱ አይቀየርም። ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ "ይቅርታ፣ መምህርት ይመደባል እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ቢያሾፍ ይሻለኝ ነበር። የምር ስም መስሎታል።

"ነኝ" አልኩት። ምን ልበለው?

ለጋሽ ደመና ነገርኳቸው። ጋሽ ደመና ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው እንደኔው በትርፍ ሰዓት የአየር ንብረት ያስተምራሉ፤ ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። የምንቀመጠው የድንጋይ ናሙና በሚከማችበት ክፍል ውስጥ ነው። ያለን አንድ ወንበር ነው። እሳቸው ሲያስተምሩ እኔ እቀመጥበታለሁ፣ እኔ ሳስተምር እሳቸው። ሁለታችንም ክፍል ከሌለን እሳቸው ትልቁ የባዛልት ድንጋይ ላይ ይቀመጡና፣ "ከወንበሩ ይልቅ ይኼ ዕድሜ ጠገብ ነው" ይላሉ።

"ታዲያ ምን ያናድድሻል? እህትና ወንድም መሆናችን ነው" አሉኝ። "እኔም ይመደባል ነኝ። የአባታችን ስም በጀት ሲፈቀድ።"

ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ሳቁ አብሮኝ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

የኮምፓስ ልምምድ። ተማሪዎቹን ይዤ ወደ ግቢው ጀርባ ወረድኩ። ግንባታ ስለነበረ ቦታው ለረጅም ጊዜ በቆርቆሮ ታጥሮ ከርሟል። አጥሩ ተነሥቷል። አዲሱ የሴቶች ዶርም አልቆ ቀለም ተቀብቷል፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ገና አልተላጠም።

ወንዙ የለም።

ማለቴ፣ ድሮም ዓመቱን ሙሉ አይኖርም። ከኮረብታው የሚወርድ የክረምት ጅረት ነው። በበጋ ጠጠርና የደረቀ ቅጠል፣ በክረምት ሰው የሚጥል ውሃ። ዛሬ ያየሁት ግን ጠጠሩ ላይ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ነው። ቀይና ግራጫ ንጣፍ። ጅረቱ በሚታጠፍበት ይታጠፋል፣ በሚሰፋበት ይሰፋል። ዳርና ዳሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። ቁልቁል ወርዶ ወርዶ የዶርሙ ዋና በር ላይ ያበቃል።

በሩ ሁለት ክንፍ አለው። ሰፊ ነው። ሽቅብ ወደ ኮረብታው ያያል፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው።

አንዷ ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ሰሜን ጠፋብኝ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

መሐንዲሱን አገኘሁት። ቁልፍ ሊያስረክብ መጥቶ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያናድደውም ይኼው ነው። ንድፉን መኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋልኝ።

ሕንፃው የተቀመጠበት ካርታ የእኔ ነው። የእኔና የተማሪዎቼ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው በጋ በፀሐይ እየነደድን የሠራነው። የሠሪው ስም መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ "ዲፓርትመንቱ" ይላል። ይሁን። እኛ የክረምቱን ጅረት ያስገባነው በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ነበር፤ የእግረኛ መንገዶችን ደግሞ በተቆራረጠ ጥቁር። የትም አገር ያለ ካርታ እንደሚያደርገው። ዲፓርትመንቱ ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ግን ፎቶ ኮፒውን ነው። ጥቁርና ነጭ።

በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ላይ ውሃ መንገድ ይሆናል።

"እኛ የእግር መንገድ ነው ብለን ወሰድነው" አለ መሐንዲሱ። "እንዲያውም ተማሪው በለመደው መንገድ እንዲገባ ብለን በሩን ወደሱ አዞርነው።" ይህን ሲል ለሽማግሌ መቀመጫ የለቀቀ ልጅ ኩራት ፊቱ ላይ ነበር።

"ወንዝ ነው" አልኩት።

ንድፉን አየ፣ ንጣፉን አየ፣ እኔን አየ። "ውሃው የታለ?"

"በክረምት ይመጣል።"

"እኔ የተሰጠኝን ነው የሠራሁት፣ እትዬ" አለና ወረቀቱን ጠቀለለ። "ለሰጡኝ ሰዎች ይንገሯቸው።"

ምድር ቤቱን ማን እንደሚገባበት ጠየቅሁት። የመጀመሪያ ዓመት ሴቶች፣ በግንቦት፣ ከአሮጌው ዶርም ወጥተው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ናት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በተማሪነታችን ከኋላዬ ይቀመጥ የነበረ፣ ኮንቱር፣ የከፍታ መስመር፣ ስንስል አንገቱን በትከሻዬ አሻግሮ ይገለብጥ የነበረ ሰው ነው። ኮሪደር ላይ አንተ እለዋለሁ፤ ቢሮው ውስጥ እርስዎ። እሱ በሁለቱም ቦታ አንቺ ነው የሚለኝ።

"ሰምቻለሁ" አለ ሳልጨርስ። "መሐንዲሱ ደውሎልኝ ሳቅን።"

"ምኑ ያስቃል?"

"የኔ እህት፣ እዚያ ቦታ ላይ ሦስት ክረምት ሙሉ ጠብ ያለ ውሃ አላየሁም።"

"ሦስቱም ክረምት ዝናቡ ደካማ ነበር። ጋሽ ደመናን ይጠይቋቸው።"

"ጋሽ ደመና ዣንጥላ ረስተው እየመጡ የሚበሰብሱ የአየር ንብረት ሊቅ ናቸው።"

"ከላይ በኩል ቦይ ይቆፈር። እሱ ካልሆነ ክረምቱ እስኪያልፍ ምድር ቤቱ ባዶ ይሁን። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።"

"ምረቃው ግንቦት 8 ነው። ባዶ ቤት ነው የማስመርቀው?" ከወንበሩ ተነሣ። መነሣቱ ለኔ ውጪ ማለት ነው። "ይልቅ አንድ ሥራ አለኝ ላንቺ። ለዶርሙ መግቢያ አዳራሽ ትልቅ የግቢውን ካርታ እንፈልጋለን። ግድግዳውን የሚሸፍን። ቆንጆ አድርጊው። መንገዱንም መንገድ አድርጊው፤ ተነጥፏል እኮ፣ ሰው እየሄደበት ነው።"

በሩ ጋ ስደርስ፣ "በነገራችን ላይ" አለ፣ "አንድ ቋሚ መደብ ተፈቅዶልናል። ማስታወቂያው ገና አልወጣም።"

በነገራችን ላይ ተብሎ የሚመጣ ነገር ሁልጊዜ ዋናው ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

አልሠራውም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

መሥራቱ በራሱ ምንም ማለት አይደለም። ካርታ ነው። እኔ እምቢ ብል ለማስታወቂያ ቤት ይሰጡታል፤ እነሱ ደግሞ ሰሜንን ወደ ታች ያዞሩታል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከኳስ ሜዳው መሐል ይተክሉታል። ቢያንስ ልኩ የተጠበቀ ይሁን።

ከድልድሉ ፊት ቆሜ ነበር ዛሬ። ይመደባል በሚለው ቦታ ላይ ስሜ ቢገባ መስመሩ ይበቃው እንደሆነ አየሁ። ይበቃዋል። የአባቴም ስም ይገባል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ዛሬ ያስተማርኩት ስለ ምልክት መፍቻ ነው። ካርታው ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ሳጥን፤ የቱ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ የሚነገርባት። ብዙዎቹ ሳያዩዋት ያልፋሉ። "ከካርታው አስቀድማችሁ መፍቻውን አንብቡ" አልኳቸው። "መፍቻ ውስጥ የሌለ ምልክት ሐሜት ነው። አንዱ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል፣ ባለቤት የለውም።"

ሐሜት የሚለውን ሁሉም ጻፉት። ስቀው ጻፉት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24፣ ማታ

ካርታው አልቋል ማለት ይቻላል። ሕንፃዎቹ ቡናማ፣ ዛፎቹ አረንጓዴ፣ መንገዶቹ ነጭ። የምኖረው እህቴ ግቢ ውስጥ ኋላ ክፍል ነው፤ እህቴ ሻይ ይዛልኝ ገብታ ኮምፒውተሩን አየችና፣ "እንዲህ የሚያምር ነገር ትሠሪያለሽ እንዴ? እኔማ ሁልጊዜ ድንጋይ የምትቆጥሪ ነበር የሚመስለኝ" አለች።

የቀረው አንድ መስመር ነው።

ሰማያዊ ባደርገው አይሰቅሉትም። ጥቁር ባደርገው ዋሸሁ። ስለዚህ ግራጫ። ግራጫ ሰማያዊ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም። የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ሰማያዊም ቢሆን አያውቀውም። መፍቻው ውስጥ አላስገባሁትም፤ ቦታ አልበቃም። የመኪና ማቆሚያ ገብቷል፣ አግዳሚ ወንበር ገብቷል፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ገብቷል። ቦታ አልበቃም።

ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብኛል? ነግሬያለሁ። መሐንዲሱንም ኃላፊውንም በአፌ ነግሬያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበር ያልሰጡኝ ሰዎች፣ ስሜን ለመጻፍ የሰነፉ ሰዎች፣ የራሳቸውን ወንዝ ለብቻዬ እንድሸከምላቸው ይፈልጋሉ? ቋሚዎቹ የት አሉ? የአፈር ጥበቃ የሚያስተምረው ሰውዬ በየቀኑ በዚያ ንጣፍ ላይ እየተራመደ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። እሱን ማን ጠየቀው?

እንቅልፍ የለም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ካርታውን ለጋሽ ደመና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ግራጫው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይቺ ምንድን ናት? ቀንድ አውጣ ያለፈበት ነው?"

"ጥላ ነው" አልኳቸው።

"የምን ጥላ?"

ክፍል አለኝ ብዬ ወጣሁ። አልነበረኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ተመረቀ። ሪባን፣ ጭብጨባ፣ የታሸገ ውሃ። ካርታው ከመግቢያው ፊት ለፊት ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል። ኃላፊው "ይህን ውብ ሥራ ላበረከተው ዲፓርትመንታችን" ብሎ አመሰገነ። ዲፓርትመንታችን ከኋላ፣ ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ ቆማ ታጨበጭብ ነበር።

እንግዶቹ ሳይበተኑ ልጆቹ ፍራሽ ፍራሻቸውን ተሸክመው መግባት ጀመሩ። የእህቴ ልጅ ፍራሹን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ከሥሩ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

"አክስቴ፣ የት እንደደረሰኝ ገምቺ። ከበሩ በስተቀኝ የመጀመሪያው ክፍል። የታችኛው አልጋ። ቀሰቀሱኝ አልቀሰቀሱኝ የለ፣ ረፍዶብኝ ብሮጥ ሁለት እርምጃ ነው።"

"ጥሩ ነው" አልኳት።

ጥሩ ነው አልኳት።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ደመና። የመጀመሪያው። ከኮረብታው ጀርባ ቆሞ ሳይዘንብ ሄደ።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። እናትሽ ወገቧን አሟታል፣ ለጊዜው ቤት እየመጣሽ ብታድሪ አልኳት። ትንሽ ነገር ነው። ሰው ለዘመዱ የማይለው ነገር አይደለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ልጅቷ ዕቃዋን በሻንጣ ይዛ ስትመጣ እህቴ ግቢ ውስጥ በርሜል እያንከባለለች ነበር።

"ወገብሽስ?" አለቻት ልጅቷ።

"ወገቤ ምን ሆነ?"

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እህቴ በርሜሉን አቆመችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እኔ ሳልሰማ ነው የታመምኩት? መቼ ነው የምድነውስ?" አለች።

ልጅቷ ክፍሌ ድረስ ተከትላኝ ገባች። ነገርኳት። ጅረቱን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ በሩን። በደንብ አስረዳኋት፤ ማስረዳት እችላለሁ፣ እሱ ሥራዬ ነው። ስጨርስ ሻንጣዋን እንደያዘች ነበረች።

"ስድስት ነን እኮ እዚያ ክፍል ውስጥ" አለች። "ምድር ቤቱ በሙሉ ደግሞ ስንት ነው?"

"አውቃለሁ።"

"ለኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ?"

"ለኃላፊው ነግሬያለሁ። ለመሐንዲሱም..."

"እዚያ ለምንተኛው ማለቴ ነው።"

ቀጥላ፣ "ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ያንቺ ነው አይደል? ወንዝ የታለ እሱ ላይ?" አለችኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ላሳያት ፈለግሁ፤ ግራጫውን፣ ምክንያቱን። አልጠበቀችኝም። በመጣችበት ታክሲ ተመለሰች። እህቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "እኔን ያለ ሐኪም አሳምመሽ ያለ ሐኪም አዳንሽኝ" አለች። አልሳቀችም።

የዘመኑ ልጆች አመስጋኝ አይደሉም። እንዲህ ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። እንደገና ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

የዲፓርትመንት ስብሰባ። ትርፎች ድምፅ የለንም፤ ወንበር ከተረፈ ግን መቀመጥ ይፈቀድልናል። ዛሬ ተርፎ ነበር። እጄን አወጣሁ። ኃላፊው አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ።

"እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው። ከዝናቡ በፊት ምድር ቤቱ ካልተለቀቀ..."

"አጀንዳችን የምርምር ሳምንት ነው።"

"ልጆች ናቸው የሚተኙበት።"

ያን ጊዜ ፈገግ አለ። ገና ስገባ የያዘው ፈገግታ መሆኑ ገባኝ። "የሥራ ባልደረባችን አንድ ነገር ረስታለች" አለ ለሌሎቹ። "የግድግዳውን ካርታ የሠራችው ራሷ ናት። ግቢውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እዚያ ካርታ ላይ ወንዝ አለ? ያየ አለ?"

የአፈር ጥበቃው ሰውዬ፣ "እኔ አላየሁም" አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ካርታ ላይ ማየት የሚቻል ነገር አልነበረም።

ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ቧንቧው ጋ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሁለት ቋሚዎች፦

"ትርፏ ምን ሆና ነው ትናንት?"

"ትርፍ አንጀት እኮ ናት። እስክትቆጣ መኖሯ አይታወቅም።"

ብርጭቆዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ይህን ያህል እውነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር።

እስክትቆጣ።

ዓርብ፣ ግንቦት 23

ብዙ ነገር ነው። እንደሆነው ልጻፈው።

ለዛሬ የያዝኩት የመስክ ትምህርት ከፍታ መለካት ነበር። ክፍሉን ይዤ ዶርሙ በር ላይ ሄድኩ። መሣሪያ የለንም፤ መሣሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ቋሚዎቹ ጋ ነው። ስለዚህ ግንበኞች ልክ የሚያወጡበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ገዝቼ ውሃ ሞላሁበት። አንዱ ጫፉን ላይ፣ የድሮው የጅረት አፍ ላይ ያዘ፤ ሌላዋ ታች በሩ ጋ። በላስቲኩ ውስጥ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ ውሃ አያዳላም። ታች የያዘችው ልጅ ጫፉን ከጉልበቷ ከፍ አደረገች፣ ከወገቧ፣ ከጭንቅላቷ፤ ውሃው አሁንም በላዩ ይፈስሳል።

"ቲቸር፣ ተበላሽቷል" አለች።

"አልተበላሸም። የት ነው የቆምሽው?"

ቁልቁል ንጣፉን አየች፣ ሽቅብ ኮረብታውን አየች። የምትተኛው እዚያ ዶርም ውስጥ ነው፤ ያልኩትን ሳይሆን ያየችውን ሄዳ ለሌሎቹ ነገረች። ልጆቹ ከየክፍላቸው ወጥተው ኮሪደሩን ሞሉት። የእህቴ ልጅም ነበረች። አላናገረችኝም።

ካርታው ፊት ቆምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ለነጭ ሰሌዳ የምጠቀምበት ሰማያዊ ማርከር ነበር። ግራጫውን ከላይ ጀምሬ ሰማያዊ አደረግሁት። አንድ ቁራጭ፣ ከዚያ ሌላ ቁራጭ፣ እስከ በሩ ድረስ። መፍቻው ውስጥም፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው በታች፣ ጻፍኩት፦ የክረምት ጅረት። ቦታው በቅቷል። ተርፏልም።

ፕሮክተሯ እየሮጠች መጣች። ዶርሙን የምትቆጣጠረው እሷ ናት። "ምን እያደረግሽ ነው? ማን ፈቅዶልሽ ነው?"

"የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ደብዳቤ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ቋሚ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እና ማን ነሽ?"

የእህቴ ልጅ ፍራሿን ከክፍሏ ጎትታ አወጣች። "አሳልፊን" አለቻት ፕሮክተሯን፤ አምስቱም ከኋላዋ ተከተሏት። ከዚያ የቀጣዩ ክፍል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የንባብ አዳራሽ አለ፤ ወንበሩን ጥግ አስይዘው ፍራሽ በፍራሽ አደረጉት። ፕሮክተሯ ደረጃው ላይ ቆማ፣ "ይኼ ሁሉ ስሙ ይመዘገባል" ትላለች፤ ደግሞ ትራስ ለወደቀባት ልጅ ጎንበስ ብላ ታነሣላታለች።

የእህቴ ልጅ በአጠገቤ ስታልፍ አንድ ቃል ተናገረችኝ። "ያዢልኝ" አለችና ጫማዎቿን ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። የተቋሙን ንብረት ማበላሸት። ተማሪ ማሳደም። ውሌ ዛሬ ያበቃል፤ ክፍሌን የአፈር ጥበቃው ሰውዬ ይይዘዋል። መደቡን ጠየቅሁት። ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም። "የምን መደብ?" አለኝ።

"የከፋኝ እሱ አይደለም" አልኩት፣ ቢሮው ውስጥ፣ በአንተ። "ከኋላዬ ተቀምጠህ ስትገለብጥ እንኳ ሰማያዊውን በሰማያዊ ትገለብጥ ነበር።"

ለጋሽ ደመና ወንበሩን አስረከብኳቸው። "ሙሉውን? አይከብደኝም?" አሉ። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

አይዘንብም።

ረፋዱ ላይ ይከብዳል፣ ከሰዓት ይገለጣል። ጋሽ ደመና በስልክ፣ "ደመናው እንደ ዲፓርትመንታችን ነው" አሉ። "ይሰበሰባል፣ ያጉረመርማል፣ ይበተናል።"

ልጆቹ ስም አውጥተውልኛል አሉ። የኖኅ አክስት። የእህቴ ልጅ በምግብ ቤቱ በኩል ስታልፍ "መርከቡ መቼ ይነሣል?" ይሏታል። ከንባብ አዳራሹ ሁለት ልጆች ፍራሻቸውን ይዘው ወደ ታች ተመልሰዋል፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ መብራቱም አይጠፋም ብለው። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እወርድ ነበር።

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ሰማይ ነው። ጥርት ብሎ ሳገኘው ይከፋኛል። ምን ዓይነት ሰው ነው ፀሐይ በመውጣቷ የሚከፋው? እንዲመጣ አልፈልግም። እንዲመጣ እየጠበቅሁ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መሆን አለባቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

እህቴ፣ "ተይ እንግዲህ፣ ሰማይን ዓይን ዓይኑን አትዪው፤ እሱም ያፍራል" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ከምሳ በኋላ ጀመረ። የቆርቆሮው ጩኸት እህቴን አላሰማኝም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ብደውል ምን እላለሁ? ማን ሆኜ?

ስልኩ ጠራ።

"አክስቴ፣ ገባ።"

"እናንተስ?"

"ላይ ነን። በሩን ከፍቶ ነው የገባው፣ ሁለቱንም ክንፍ። ቀይ ነው። አልጋዎቹ እየተንሳፈፉ..."

"ሁለቱ ልጆች?"

ዝናቡ እሷም ጋ እኔም ጋ ይሰማል።

"ንገሪኝ እንጂ።"

"ተኝተው ነበር። ክፍል አልነበራቸውም ከሰዓት። ወርደን ጎትተን አወጣናቸው፣ እኔና ፕሮክተሯ። አንዷ ለላፕቶፕ ልመለስ ስትል በጥፊ አልኳት። ከበድ አድርጌ ነው የመታኋት፣ አክስቴ። አሁን ይቅርታ ልጠይቃት?"

"ነገ" አልኳት። "ነገ ጠይቂያት።"

 

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ሄድኩ። ውል የለኝም፤ ዘበኛው አላገደኝም። "መጡ?" ብቻ አለኝ፣ የቆየ ቀጠሮ እንዳለን ሁሉ።

ውሃው ወጥቷል። ጭቃው ቀርቷል። በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፦ "ባልተጠበቀ የተፈጥሮ አደጋ ምክንያት።" ኃላፊው ጡብ ላይ ቆሟል፣ ጫማው እንዳይነካ። አየኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የዱሮው ባለቀለሙ ካርታ ቅጂ አለሽ እንዴ? አጣሪ ሊመጣ ነው" አለኝ።

"ግድግዳው ላይ አለላችሁ" አልኩት።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ኮሪደሩ በሙሉ ደለል ነው። በሩ አጠገብ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፤ ወደ መሐል ደቃቅ አሸዋ፤ ጥግ፣ የመጨረሻው ክፍል ጋ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ። ውሃው ሲገባ የከበደውን መጀመሪያ አስቀምጧል፣ የቀለለውን እስከ ጓዳ አድርሷል። በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ለዓመታት ያሳየሁት ነገር፣ ከአንድ ግድግዳ እስከ ሌላው፣ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም።

አካፋ ሊያቀብሉ የመጡ የክፍሌ ልጆች ነበሩ። የክፍሌ የነበሩ። የእህቴ ልጅም፣ ያቺ ጥፊ የቀመሰችውም ልጅ፤ አንድ ባልዲ ለሁለት ይዘዋል። "አትጥረጉት ገና" አልኳቸው። አፌ ነው የተናገረው። "ጫማችሁን አውልቁ። ከበሩ ጀምራችሁ በእጃችሁ እየነካችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ። የት ላይ እንደሚለሰልስ ንገሩኝ።"

ሄዱ። ጎንበስ እያሉ፣ በጣታቸው እያሹ፣ "እዚህ" "የለም፣ እዚህ" እየተባባሉ። ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው። ፕሮክተሯ ሳትቀር መጥረጊያዋን ተደግፋ አዳመጠች። ስድስት ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ ይኼ የተሻለው ነበር፤ ያለ ውል፣ በነፃ፣ ጡብ ላይ የቆመው ሰውዬ እየሰማ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ነገም ቢሉኝ አደርገዋለሁ፤ እሱ ይብስ ያንገበግበኛል።

አንዱ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ፣ ቀና ብሎ፣ "ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?" አለኝ።

"ፈተናውን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው" አልኩት።

ሁሉም ቆመው ያዩኛል።

"ለማንኛውም ጻፉት።"

እጃቸውን ልብሳቸው ላይ ጠራርገው ደብተር አወጡ።